መኪናዬን ዋሻ ውስጥ ጥዬ ልውጣ?

በዛሬው የመንገድ ደኅንነት ዝግጅታችን ስለ ዋሻ መንገድ እናወራለን።

ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በመኪና የሄደ ሰው የጣርማ በርን ዋሻ ያውቀዋል። ደብረ ብርሃን ትታለፋለች፤ የገብስ ማሳና የበግ መንጋ እየታየ ጥቂት ይኬዳል፤ ከዚያ ደጋው በአንድ ጊዜ ያልቅና ገደል አፋፍ ላይ ይደረሳል። ከፍታው ከባሕር ወለል በላይ ከ3,000 ሜትር ይበልጣል። ጣሊያን በወረራው ዘመን የደሴን መንገድ ሲሠራ እዚህ ላይ ተራራውን በስቶ አለፈ። የዋሻው ርዝመት ከግማሽ ኪሎ ሜትር ብዙም አይበልጥም። በዚህ በኩል ደጋ ነው፤ በዚያ በኩል ሲወጡ ወደ ደብረ ሲና የሚያወርደው ጠመዝማዛ ቁልቁለት ይቀበላል። ለተሳፋሪ የአንድ ደቂቃ ጨለማ ናት። ልጆች ይጮኻሉ፣ እናቶች ያማትባሉ፣ ወዲያው ደግሞ የደብረ ሲና ቆሎ ወሬ ይጀመራል።

መሪ ለጨበጠው ሰው ግን ያቺ ደቂቃ ሌላ ናት። አዲስ አበባ ውስጥም ከፑሽኪን አደባባይ ወደ ጎተራ በሚወስደው መንገድ ላይ በዋሻ መተላለፍ ስለተጀመረ፣ ጉዳዩ የአገር አቋራጭ ሾፌር ብቻ መሆኑ ቀርቷል። ቤተሰቡን ጭኖ ለቅሶ የሚሄደውንም፣ የታክሲ ሾፌሩንም ይመለከታል።

ስለ ዋሻ ሲነሳ ከሁሉ በላይ የሚከብደው ጥያቄ ይህ ነው፦ «እሳት ቢነሳ መኪናዬን ጥዬ ልውጣ?» መልሱን ከአሁኑ ልንገራችሁ። አዎ፣ ጥላችሁ ውጡ። ይህን ከስቱዲዮ ሆኖ መናገር ቀላል እንደሆነ አውቃለሁ። መኪናው የሰው ነው፣ ጭነቱ የነጋዴ ነው፣ ሾፌሩ ለሁለቱም ፈርሟል። «ንብረት ጥሎ ሸሸ» መባል በእኛ ዘንድ ቀላል ስም አይደለም። ስለዚህ ምክንያቱን በደንብ ማስረዳት አለብኝ። ከዚያ በፊት ግን ከዋሻው አፍ እንጀምር፤ ብዙው ጥፋት የሚጀምረው ገና ከመግባታችን ነውና።

ጣርማ በር ላይ እኩለ ቀን ነው እንበል፤ ፀሐይዋ የደጋ ፀሐይ ናት፣ ዓይን ታጨናብሳለች። ከዚያ ብርሃን ወደ ጨለማ ስትገቡ የዓይናችሁ ብሌን ለመስፋት ጥቂት ሰከንዶች ይፈልጋል። ከብሌኑ ጀርባ ያለው ክፍል ጨለማውን በደንብ እስኪለምድ ደግሞ ደቂቃዎች ይወስድበታል። ዋሻው ከውጭ ሲታይ ጥቁር ጉድጓድ የሚመስለው በዚህ ምክንያት ነው። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በአንድ ሰከንድ ወደ 17 ሜትር ይጓዛል። ዓይናችሁ ለሦስት ሰከንድ ቢደናገር 50 ሜትር ያህል ሳታዩ ነዳችሁ ማለት ነው። በዚያ 50 ሜትር ውስጥ መብራት የሌለው ጋሪ ሊኖር ይችላል፤ የቆመ ኤፍ ኤስ አር ሊኖር ይችላል።

ስለዚህ ፍጥነት የሚቀነሰው ከዋሻው ውጭ ነው። ገብቶ ፍሬን መርገጥ ከኋላ የሚመጣውንም ማደናገር ነው፤ እሱም ዓይኑ ገና አልለመደም። የፀሐይ መነጽር ካደረጋችሁ አፉ ጋ ሳትደርሱ አውልቁ። ይህችን ምክር ብዙ ሰው ይንቃታል፤ ግን በጥቁር መነጽር ዋሻ የሚገባ ሾፌር ሁለት ጊዜ ነው የሚጨልምበት። የግንባር መብራታችሁን አብሩ፤ ዋሻው ውስጥ መብራት ቢኖርም አብሩ። የምታበሩት ለማየት ብቻ አይደለም፣ ለመታየትም ነው። መብራቱ ዝቅ ያለው ይሁን። ረጅሙን ከለቀቃችሁ ከፊት የሚመጣውን ሰው ታሳውሩታላችሁ፣ ጭጋግ ካለ ደግሞ ብርሃኑ ተመልሶ ራሳችሁ ላይ ይመጣል።

የጣርማ በር ጭጋግ ብቻውን አንድ ዝግጅት ይወጣዋል። ከታች ከቆላው የሚነሳው እርጥብ አየር ገደሉን ሲወጣ ይቀዘቅዝና አፋፉ ላይ ጉም ሆኖ ይቀመጣል። ከዋሻው ስትወጡ ፀሐይ ስትጠብቁ ነጭ ግድግዳ ሊገጥማችሁ ይችላል። መስታወቱም በአንድ ጊዜ ላብ ይለብሳል። መጥረጊያውና የመስታወት ማሞቂያው መሥራታቸውን ከመግባታችሁ በፊት ሞክሩ፤ ውስጥ ሆኖ በእጅጌ መስታወት መጥረግ አንድ እጅን ከመሪ፣ ሁለት ዓይንን ከመንገድ ያነሳል።

ውስጥ ከገባችሁ በኋላ ያለው ደንብ አጭር ነው፤ በዓለም ዙሪያም ይመሳሰላል። እ.ኤ.አ. በ1968 ቪዬና ላይ የተፈረመው ዓለም አቀፍ የመንገድ ትራፊክ ስምምነት ስለ ዋሻ የሚለው ነገር አለ። ወደ ኋላ አትንዱ፣ አትዙሩ፣ መብራት አብሩ፣ ካልቸገራችሁ በቀር አትቁሙ፣ ከቆማችሁ ደግሞ ሞተር አጥፉ ይላል። በአንድ ዋሻ ሁለቱም አቅጣጫ ሲተላለፍ፣ እንደ ጣርማ በር ማለት ነው፣ መቅደም የሚባል ነገር ጭራሽ አይታሰብም። እዚህ ላይ ሾፌሮቻችንን ትንሽ ልውቀስ። ተሳቢ ፊታችሁ ገብቶ እየተጎተተ ሲሄድ ትዕግሥታችሁ እንደሚያልቅ ይገባኛል። ነገር ግን ውጭ ሲቀድሙ የሚያመልጡበት የመንገድ ዳር አለ፤ እዚህ ዳሩ ድንጋይ ነው።

ክላክስም እንደ ውጭው አይደለም። ድምፁ ከግድግዳ ግድግዳ ስለሚጋጭ ከየት እንደመጣ አይታወቅም። መንገድ ላይ ያለ በግም ሆነ አህያ ይደነግጥና ወደ መኪናው ይገባል። ደጋው ላይ ዝናብ ወይም በረዶ ሲመጣ እረኛ ከነመንጋው ወደ ዋሻው አፍ ሊጠጋ እንደሚችል አስቡ። በግ ካያችሁ ፍጥነት ቀንሱ፣ እረኛውን በዓይን ፈልጉ፣ መንገዱን እስኪለቅላችሁ ታገሡ። እግረኛ አድማጮቻችንም አላችሁ። በዋሻ ውስጥ ከማለፍ ሌላ መንገድ ከሌላችሁ መኪናው ከፊታችሁ በሚመጣበት በግራ ጠርዝ በኩል፣ አንድ በአንድ ተከታትላችሁ፣ ነጠላውን ወይም ሌላ ነጭ ነገር ከላይ አድርጋችሁ እለፉ። ጥቁር ካባ ለብሶ ጥቁር ዋሻ ውስጥ የሚሄድን ሰው ጎበዝ ሾፌርም አያየው።

ርቀትን በተመለከተ አንድ ነገር ልጨምር። ፊት ለፊት ያለው መኪና አንድ ምልክት ሲያልፍ፣ የግድግዳ ስንጥቅም ይሁን መብራት፣ በልባችሁ መቁጠር ጀምሩ። እናንተ እዚያው ቦታ ከመድረሳችሁ በፊት ቢያንስ ሦስት ሰከንድ ይለፍ፤ ከባድ መኪና ከሆነ ከዚያም በላይ። የምትጠብቁት ርቀት ከግጭት ብቻ አይደለም የሚያድናችሁ። የዚህን ምክንያት ለመረዳት ወደ አውሮፓ ተራሮች መሄድ አለብን።

በፈረንሳይና በጣሊያን መካከል ሞን ብላን የሚባል ተራራ አለ። በሥሩ የሚያልፈው የመኪና ዋሻ እ.ኤ.አ. በ1965 ነው የተከፈተው፤ ርዝመቱ 11.6 ኪሎ ሜትር ነው። በአንድ ዋሻ ሁለት አቅጣጫ የሚተላለፍበት ነው፣ ልክ እንደኛው። መጋቢት 15 ቀን 1991 ዓ.ም. ጧት አንድ የጭነት መኪና በፈረንሳይ በኩል ገባ። የጫነው ቤንዚን አልነበረም፣ ፈንጂም አልነበረም፤ ማርጋሪን የሚባለው የዳቦ ቅቤና ዱቄት ነበር። ከየሱቁ የሚገኝ ዕቃ ነው።

ከፊት የሚመጡ ሾፌሮች መብራት ያበሩለት ጀመር። በመስታወቱ ሲያይ ከመኪናው ነጭ ጭስ ይወጣል። ዋሻው መሐል አካባቢ ሲደርስ አቆመ። እሳት ማጥፊያ ለማንሳት አሰበ፤ ነገር ግን ነበልባሉ ወዲያው ፈነዳ። ሸሸ፣ በጣሊያን በኩል ወጥቶ ተረፈ።

ከኋላው የገቡት አልተረፉም። ነፋሱ ጭሱን ወደ ፈረንሳይ በኩል ይገፋው ስለነበር፣ ተሰልፈው የቆሙት መኪኖች ሁሉ በጭስ ተዋጡ። አየር የሚያስገቡትና የሚያስወጡት ማሽኖችም ጭሱን ከመሳብ ይልቅ ንጹሕ አየር እየነፉ እሳቱን እንዳባባሱት ከዚያ በኋላ በተደረገው ምርመራ ታውቋል። ለመዞር የሞከረም ነበር፤ ግን ሞተርም እንደ ሰው አየር ይፈልጋል፣ ኦክስጅን ሲያጣ ይጠፋል። እሳቱ 53 ሰዓት ነደደ፤ ሙቀቱ እስከ 1,000 ዲግሪ ሴንቲግሬድ እንደደረሰ ይገመታል። 39 ሰዎች ሞቱ። ከነዚህ አንዱ የፈረንሳይ እሳት አደጋ ቡድን አለቃ ነበር፤ የእሳት አደጋ መኪኖቹ ራሳቸው በጭሱ ውስጥ ተይዘው ቀርተው ሰዎቹን ከብዙ ሰዓት በኋላ በአስፋልቱ ሥር በሚያልፈው የአየር ቦይ ነበር ያወጧቸው።

አሁን ልብ በሉልኝ፤ ይህን ዝግጅት ያዘጋጀሁበት ምክንያት እዚህ ላይ ነው። ከሞቱት አብዛኞቹ የተገኙት መኪናቸው ውስጥ ነው። በር አልተቆለፈባቸውም። ተቀምጠው ነበር። ምን ሲጠብቁ እንደነበር መገመት አያስቸግርም፤ ፊት ያለው ሰልፍ እስኪንቀሳቀስ፣ አንድ ኃላፊ መጥቶ ውጡ እስኪል፣ ጭሱ እስኪያልፍ። ምናልባትም መስኮት ዘግቶ መቀመጥ ከውጭው ጭስ ይሻላል ብለው ይሆናል። መኪና መጠለያ ይመስላል፤ የሞቀ ነው፣ በር አለው፣ የራስ ነው። ለእሳት ጭስ ግን የመኪና በር ምንም አይደለም።

በጎጆ ቤት ያደገ ሰው የጭስን ጠባይ ያውቃል። ምድጃው ሲጨስ ቆሞ የሚያወራ ይታፈናል፣ ዝቅ ብሎ በርጩማ ላይ የተቀመጠ ይተነፍሳል። በዋሻም መጀመሪያ ላይ እንዲሁ ነው። ትኩሱ ጭስ ጣሪያውን ይዞ ይሄዳል፤ ከታች ለጥቂት ጊዜ የሚተነፈስ አየር ይቀራል። ችግሩ ጭሱ እየራቀ ሲሄድ ይቀዘቅዝና ይወርዳል፤ ከዚያ ከላይ እስከታች ይሞላዋል። ያ ጥቂት ጊዜ የመውጫ ጊዜያችሁ ነው። በመኪና ውስጥ ተቀምጦ ማሰቢያ አይደለም። ጭሱ ውስጥ ያለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ደግሞ ሽታም ቀለምም የለውም፤ መጀመሪያ የሚያጠፋው ማሰቢያችንን ነው። «ትንሽ ልጠብቅ» የሚለው ሐሳብ ራሱ የመመረዝ ምልክት ሊሆን ይችላል።

ከሁለት ዓመት ተኩል በኋላ፣ ጥቅምት 14 ቀን 1994 ዓ.ም.፣ ስዊዘርላንድ ውስጥ ጎታርድ በሚባለው 16.9 ኪሎ ሜትር ዋሻ ሁለት የጭነት መኪኖች ፊት ለፊት ተጋጩና እሳት ተነሳ። 11 ሰዎች ሞቱ። እዚያ ግን ከዋናው ዋሻ ጎን ለጎን የሚሄድ ጠባብ የማምለጫ ዋሻ ነበር፣ በየ250 ሜትሩ በር ያለው። መኪናቸውን ጥለው ወደዚያ የሮጡት ተረፉ። ሁለቱን አደጋዎች አጠገብ ለአጠገብ ሳያቸው መሐንዲስ መሆን ሳያስፈልገኝ የሚገባኝ ነገር አለ፤ በሩ መኖሩም ትልቅ ነገር ነው፣ ግን በሩ የጠቀመው ከመኪናው የወረደውን ሰው ነው።

ሞን ብላን ተጠግኖ እ.ኤ.አ. በ2002 ሲከፈት ደንቡ ጠነከረ። ዛሬ ፍጥነቱ ከ70 አይበልጥም፣ ከ50ም አያንስም። በሚጓዙ መኪኖች መካከል 150 ሜትር፣ ሰልፉ ሲቆም ደግሞ 100 ሜትር ክፍት ቦታ መተው ግዴታ ነው። ርቀቱን ለመለካት እንዲመች ግድግዳው ላይ ሰማያዊ መብራቶች ተሰቅለዋል። የጭነት መኪኖች ከመግባታቸው በፊት ሙቀት በሚለይ መሣሪያ ይፈተሻሉ፤ ሞተሩ ወይም ጎማው ከልክ በላይ የጋለ መኪና ይቆማል። ቅድም ስለ ርቀት ያልኳችሁ እዚህ ላይ ነው የሚገባው። መኪኖች ከኋላ ከፊት ተጠጋግተው ከቆሙ የአንዱ እሳት ለሁለተኛው፣ የሁለተኛው ለሦስተኛው ይተላለፋል፤ እግረኛም መሐላቸውን አቋርጦ መሮጫ ያጣል።

እኛ አገር ሙቀት የሚለይ መሣሪያ እስኪቆም ሾፌሩና ረዳቱ ራሳቸው መሣሪያ ይሁኑ። ጣርማ በር ለዚህ አመቺም አስቸጋሪም ቦታ ነው። ከደብረ ሲና የሚወጣ ከባድ መኪና ያን ሁሉ ዳገት በአነስተኛ ማርሽ ሲጎተት ቆይቶ፣ ሞተሩ ግሎ ነው ዋሻው አፍ የሚደርሰው። ከመግባታችሁ በፊት የሙቀት መለኪያውን እዩ። መርፌው ወደ ቀዩ ከተጠጋ ሰፋ ያለ ቦታ ላይ ቁሙ፣ ሞተሩ ይብረድ። ረዳቱ ወርዶ ጎማዎቹን ዙሪያውን ይመልከት፤ እጁን ሳያስነካ ወደ ጎማው ብረት ጠጋ ቢያደርግ ሙቀቱ ይነግረዋል። ከሌሎቹ ተለይቶ የሚፋጅ ጎማ ካለ ፍሬኑ ተይዟል ማለት ነው፤ የተቃጠለ የፍሬን ሸራ ሽታ ከሸተታችሁም እንዲሁ። በፎሌ ቁልቁለት የሚወርድ ሾፌር የዚህን ሽታ ምንጭ ከማንም በላይ ያውቀዋል። ነዳጅ ለመቆጠብ ማርሹን አውጥቶ በፍሬን ብቻ የሚወርደው ሰው ሸራውን ያቃጥላል፣ አንዳንዴም ፍሬኑን ያጣል። ወጪም ሆነ ወራጅ፣ የጋለ መኪና ወደ ዋሻ ማስገባት እሳቱን ይዞ እንደመግባት ነው።

ቦቴ ነጂዎችንማ ለይቼ ላናግር። በብዙ አገር ነዳጅና ጋዝ የጫነ መኪና ዋሻ እንዳይገባ ይከለከላል፣ ወይም በተወሰነ ሰዓት ብቻ ያልፋል። አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ውስጥ ያሉ አበሻ ሾፌሮች ይህን በደንብ ያውቁታል። ባልቲሞር ወደብ ሥር የሚያልፉት ዋሻዎች አደገኛ ጭነት አያስተናግዱም፤ እነዚያ መኪኖች በፍራንሲስ ስኮት ኪ ድልድይ ነበር የሚሻገሩት። መጋቢት 17 ቀን 2016 ዓ.ም. መርከብ ድልድዩን መትቶ ከጣለው በኋላም ክልከላው አልተነሳም፤ ቦቴዎቹ ከተማውን በሩቁ ይዞራሉ። ያ ሁሉ ተጨማሪ ኪሎ ሜትር ነዳጅና ጊዜ ይበላል፣ ሾፌሩም ያማርራል። ግን አንድ ሰው ስለተቸገረ ተብሎ ደንቡ አልላላም። እኛ ዘንድ ሌላ መንገድ ከሌለ ቦቴ ነጂው ቢያንስ መንገዱ ጭር የሚልበትን ሰዓት ይምረጥ፣ ከፊቱ ያለው መኪና ወጥቶ እስኪያልቅም አፉ ላይ ይታገሥ።

እንግዲህ ወደ ጥያቄው እንመለስ። ዋሻ ውስጥ ሆናችሁ ከመኪናችሁ ጭስ ወጣ። መኪናው መንቀሳቀስ ከቻለ አታቁሙት፤ አራቱንም ፍሬቻ አብሩና ወደ ውጭ ንዱት። ጣርማ በርን በመሰለ አጭር ዋሻ ይህ ብዙ ጊዜ ይቻላል፤ ውጭ የሚነድ መኪና የአንድ ሰው ጉዳት ነው፣ ውስጥ የሚነድ የሁሉም። እምቢ ካለ ወደ ቀኝ ጠርዝ አስጠጉት፣ ሞተሩን አጥፉ፣ ቁልፉን እዚያው ተዉት። ቁልፉን ኪስ ከትቶ መሄድ የሁላችን ልማድ ነው፣ ለሌባ ሲባል። እዚህ ግን መንገዱን ለመክፈት የሚመጣው ሰው መኪናችሁን ማንሳት አለበት፤ የቆለፋችሁት መኪና ከኋላ ያሉትን ሰዎች ይዘጋባቸዋል።

እሳቱ ገና ትንሽ ከሆነ ማጥፊያውን አውጡ። ለመሆኑ የእናንተ ማጥፊያ የት ነው ያለው? ከክሪኩና ከመለዋወጫ ጎማው ሥር ተቀብሮ ከሆነ የለም እንደማለት ነው፤ ከሾፌሩ ወንበር ሳይነሱ እጅ የሚደርስበት ቦታ አኑሩት፣ የመለኪያው መርፌም አረንጓዴው ላይ መሆኑን በየወሩ እዩ። ኮፈኑን ሙሉ በሙሉ አትክፈቱት፤ አየር ሲገባ እሳቱ ፊታችሁ ላይ ይነሳል። በስንጥቁ ረጩት። በአንድ ማጥፊያ ካልጠፋ ሁለተኛ አትፈልጉ፣ ሂዱ።

የሌላ ሰው መኪና ፊት ለፊታችሁ ሲነድ ካያችሁ በሩቁ ቁሙ፣ ሞተር አጥፉ፣ ቁልፉን ተዉ፣ ሰዎቹን አውርዱና በእግር ውጡ። የምትሄዱት እሳቱን ወደ ጀርባ፣ ነፋሱን ወደ ፊት አድርጋችሁ ነው። ጭስ የሚጓዘው ነፋሱ በሚነፍስበት አቅጣጫ ስለሆነ፣ ነፋሱ ፊታችሁን ከመታችሁ ጭሱ ወደኋላችሁ እየሄደ ነው። ዋሻው ዘቅዘቅ ያለ ከሆነም ትኩስ ጭስ ሽቅብ እንደሚወጣ አስታውሱ። እንዲያው ደርሶባችሁ ከሆነ ዝቅ ብላችሁ፣ አንድ እጅ ግድግዳው ላይ፣ ሌላው በጨርቅ አፍና አፍንጫ ላይ ይሁን፤ ግድግዳውን ሳትለቁ ተጓዙ። ከግማሽ ኪሎ ሜትር ጥቂት በሚበልጥ ዋሻ መሐል ላይ ብትሆኑ ወደ ቅርቡ አፍ 300 ሜትር ያህል ነው፤ በፈጣን እርምጃ ከአራት ደቂቃ አይበልጥም። ስልክ የምትደውሉት ከወጣችሁ በኋላ ነው፤ ተራራ ሥር ኔትወርክ ፍለጋ ቆሞ መቅረት የለም። ፖሊስ 991 ነው፣ ቀይ መስቀል አምቡላንስ 907፣ አዲስ አበባ ለሆነ ሰው እሳት አደጋ 939። ከወጣችሁ በኋላ ደግሞ አንድ ሰው ወደ ውጭ በሩቁ ሄዶ፣ ሊገቡ የሚመጡትን በነጠላም በሸሚዝም እያውለበለበ ያስቁም።

እሳት ሳይኖር መኪና ብቻ የተበላሸ እንደሆነስ? ልማዳችን ድንጋይና ቅጠል ከኋላ መደርደር ነው። ዋሻ ውስጥ ቅጠል አይታይም፣ ድንጋይ ደግሞ ራሱ አደጋ ነው፤ መኪናው ተነሥቶ ሲሄድ ታኮው አስፋልቱ ላይ ይቀራልና ከኋላ የሚመጣው ሞተር ሳይክል ይወጣበታል። የሚያንጸባርቀውን ሦስት ማዕዘን በሩቁ አቁሙ፣ አራቱንም ፍሬቻ አብሩ፣ ሰው በሙሉ ከመኪናው ወርዶ ግድግዳውን ይዞ ወደ ውጭ ይውጣ። ከመኪና ሥር ገብቶ መጠገን ለጊዜው ይቅር፤ ተጎትቶ ከወጣ በኋላ ይደርሳል። ድንጋይ ያስቀመጣችሁ ካላችሁም ስትሄዱ አንሡት።

የአውቶቡስ ረዳቶች፣ ይህ የእናንተ ነው። ስልሳ ሰው ጭናችሁ ዋሻ ውስጥ ብትቆሙ ሾፌሩ መሪውን እንጂ ሰውን ማየት አይችልም። ሁለቱም በር ይከፈት። ሻንጣና ኩንታል ከላይ ለማውረድ የሚነሳውን ሰው አስቀሩት፤ ኮሪደሩን የሚዘጋው እሱ ነው። ከፊት የተቀመጠው ሰው ወርዶ መንገድ ያሳይ፣ አረጋውያንና ሕፃን የያዙ እናቶች መሐል ይሁኑ፣ እናንተ መጨረሻ ውረዱ። ሲወጡ ሰው ቁጠሩ፣ ውጭም ስትደርሱ ቁጠሩ። ቁጥሩ ካልገጠመ ተመልሳችሁ አትግቡ፤ መጥቶ ለሚደርሰው የእሳት አደጋ ሠራተኛ ወይም ፖሊስ ስንት ሰው እንደቀረና መኪናው ከየትኛው አፍ በግምት ስንት ሜትር ላይ እንደቆመ ንገሩት።